ለናደው ጆሮ ቀማሽ

ፊታውራሪ ጓንጉል አሳላፊው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስላቸው ጠጅ አይጠጡም ነበር። ጥጃ የሚያህለው ውሻቸው ናደውም እግራቸው ሥር ተኝቶ ይህን እያየ ነው ያደገው።

አንድ ቀን የናደው ጆሮ ታመመ። መድኃኒት አዋቂው ነጭ ሽንኩርትና ዳማከሴ ጨምቆ "በጆሮው ጠብ አድርጉለት" ቢል፣ ናደው ሦስቱን አሽከሮች አጥር አዘለላቸው፤ አራተኛው ከዋርካው አልወርድም አለ።

ፊታውራሪ ምላሰኛውን በቅሎ ጠባቂ አስጠሩና፣ "አንተ ትጨምርለታለህ። ከጮኸ ግን አርባ ጅራፍ አለህ!" አሉት።

ሰውየው ጀርባውን ከወዲሁ እያሳከከው እጅ ነሳ። "ጌታዬ፣ ናደው እኮ የቤትዎ ልጅ ነው። ያልተቀመሰ ነገር እንዴት ይቀበላል?"

"እንግዲያው ቅመስለታ!"

በቅሎ ጠባቂው በገዛ ጆሮው ጠብ አደረገ። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ ግን ጥርሱን ነክሶ ዝም አለ። ናደው አጉረመረመ።

"አላመነኝም፤ 'ይሄ ዝም ያለው ጅራፍ ፈርቶ ነው' ብሎ ጠረጠረኝ። ጅራፍ የማይፈራ ሰው ይቅመስለት። በዚህ ግቢ ደግሞ ከእርስዎ በቀር ማን አለ?" አለ ሰውየው።

ሊያይ የተሰበሰበው የግቢው ሰው ሁሉ ወደ ፊታውራሪ ዞረ። እምቢ ቢሉ ፈሩ ሊባል ነው፤ ጋደም ብለው ጆሯቸውን ሰጡ።

ጠብታው ገና ሲገባ፣ "ኧረ በማርያም! ተቃጠልኩ!" ብለው ግቢውን አናጉት። ናደውም አብሯቸው አላዘነ።

"ይህን እሳት በውሻዬ ጆሮ ጨምሩ ያለው ማነው?"

"እርስዎ ነዎት፣ ጌታዬ" አለ በቅሎ ጠባቂው ጎንበስ ብሎ። "ናደውም ከጠዋት ጀምሮ ሲጮህ የዋለው ይህንኑ ነበር፤ የሚቀምስለት ጌታ አጥቶ ነው እንጂ።"