የሙሄ ፒክአፕና የታሰረው ማሊያ

ሾላ ውሃ ሄዳችሁ ደግ ነገር ያለ ቦታው ሲደረግ ካያችሁ፣ ወዲያው አንዱ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል፤ የሰማው ሁሉ ይስቃል። ጨጓራውን ለታመመ ሰው ሚጥሚጣ ይዞ የሄደ ጠያቂ ይተረትበታል። ለቅሶ ቤት ገብቶ የሰርግ ወግ የሚያወራም ይተረትበታል። እንግዳ ሰው ከጥንት አባቶች የወረደች ይመስለዋል። የምን አባቶች! የወረዳው ዋንጫ ፍፃሜ የተደረገ ዕለት፣ ከሙሄ ፒክአፕ በር ላይ ነው የተወለደችው።

ሙሄ ያቺን ፒክአፕ ከገዛ ሳምንት አልሞላውም ነበር። አሮጌ ናት፤ ለእሱ ግን ሙሽራ ናት። ለሽንት እንኳ ሲወርድ ይቆልፋታል፤ ቆልፎም ተመልሶ እጀታዋን ሳብ አድርጎ ያያል። ከውጭ የሚከፈተው የግራው በር ብቻ ነው፤ የቀኙን ቁልፍ የቀድሞው ባለቤት አስደፍኖታል። የሾላ ውሃ ቡድን ለፍፃሜ ሲያልፍ ሙሄ ሰው በተሰበሰበበት ደረቱን ነፍቶ፣ "ልጆቹን ከነዕቃቸው የማደርሳቸው እኔ ነኝ፤ እንዳታስቡ!" አለ። ከተማው ሁሉ አጨበጨበለት። ጭብጨባ ደግሞ ዕዳ ነው።

በጨዋታው ቀን ጠዋት ተጫዋቾቹ ከኋላ ተጫኑ፤ ማሊያውና ታኬታው አቧራ እንዳይበላው ጋቢና ውስጥ ከወንበሩ ጀርባ ተጠቀጠቀ። ልክ ሊነሱ ሲሉ የሙሄ እናት፣ እማማ ሩቅያ፣ በአደስ የታሸ ለጋ ቅቤ በቅል ይዘው ከች አሉ። አዲስ ነገር ቤት ሲገባ ቅቤ ካልነካው ለእሳቸው እንዳልገባ ነው። የልጆቹን አናት ቀቡ። የመኪናዋን ግንባር ቀቡ፤ ጎማዋንም አልማሯትም። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ግን ቆም ብለው፣ አጎንብሰው፣ በአውራ ጣታቸው የሆነ ነገር እየሠሩ አጉረመረሙ። ሙሄ የራዲያተር ውሃ እያየ ስለነበር ልብ አላለም።

"ኧረ እማ ይበቃል፤ ረፈደ!"

"ዝም በል! ዓይናም አገር ነው የምትሄዱት። ዱዓዬን ልጨርስ።"

ጨርሰውም አልቀሩ፣ "ልጆቼ ሲያሸንፉ ማን እልል ሊል ነው?" ብለው ጋቢና ገቡ።

ሜዳው ያለው ደጋ ላይ ነው። እስከ ዳገቱ ድረስ የመንገዱ አቧራ እንደ ዱቄት ነው፤ ከዳገቱ በላይ ደግሞ ነፋሱ ጆሮ ይቆርጣል። ደረሱ። ሙሄ እናቱን አወረደ፣ እንደ ልማዱ መቆለፊያውን ከውስጥ ተጭኖ በሩን ድርግም አደረገው። ተጫዋቾቹ ለመልበስ ሲሰበሰቡ ኮራ ብሎ ቁልፉን አወጣና ሰደደው። ቁልፉ እስከ ግማሹ ገብቶ ቆመ። ገፋው። አልገባም። ተናደደና በኃይል ጠመዘዘው። ቀጭ! ግማሹ እጁ ላይ፣ ግማሹ በሩ ውስጥ ቀረ።

"ተሰበረ እንዴ?" አለ በረኛው።

"ተሰበረ።"

"ሌላ ቁልፍ የለህም?"

"አለኝ።"

"ታዲያ የታለ?"

"ውስጥ ነው" አለ ሙሄ። "እንዳይጠፋብኝ ብዬ..."

ኧረ ጉድ! ያኔ የተነሣው ጩኸት! ዳኛው ከደሴ የመጡ ቆፍጣና ሰው ናቸው፤ ሰዓታቸውን አዩና፣ "ማሊያ ያልለበሰ ተጫዋች ሜዳ አይገባም። ሰዓቱ ካለፈ ፎርፌ ነው። ዋንጫው ለማዶዎቹ ይሄዳል" ብለው ቁጭ አሉ። ማዶዎቹ ማለት ከወንዙ ወዲያ ያሉት ባላንጣዎች ናቸው። ቀዩን ማሊያቸውን ለብሰው እየዘለሉ ያሟሙቃሉ። ደጋፊዎቻቸው ነገሩ ሲገባቸው በአንድ ድምፅ ያዙት፤ "ማሊያው ታሰረ! ዋስ አጡለት! ማሊያው ታሰረ! ዋስ አጡለት!"

ሙሄ እጀታዋን ደጋግሞ ሳበ። ዋንጫው በእሱ በር ምክንያት ወንዝ ከተሻገረ፣ ሾላ ውሃ ውስጥ ማን ሰላም ይለዋል? ልጆቹ ስንት ቡድን ጥለው የመጡት ጋቢና ለማየት ነው እንዴ?

"ወግዱ! ወግዱልኝ!" እያለ ጋሽ ሲሳይ መጣ። ጋሽ ሲሳይ የቡድኑ አሰልጣኝ ነው፤ እንጀራው ግን የጋራዥ ሥራ ነው፤ የመፍቻ ቦርሳው ከእጁ አይለይም። ጎንበስ ብሎ ቁልፉን አየ።

"ቁልፉ የሚገባበት ሲሊንደር ይዟል። መውጣት አለበት።"

"በምን ይወጣል ጋሼ?" አለ ሙሄ።

"በበሩ ጠርዝ በኩል አንዲት ቡሎን አለች። እሷን ስትፈታ ሲሊንደሩ ሳብ ብሎ ይወጣል።"

"ታዲያ ፍታታ!"

"በሩ ካልተከፈተ አትታይማ።"

"በሩ እንዲከፈትስ?"

"ሲሊንደሩ መውጣት አለበት።"

ሰው ሁሉ ጭንቅላቱን ያዘ። ምክር ግን አልጠፋም። አንዱ ሽቦ አምጡ ይላል፤ ሌላው መኪናዋን እንገልብጣት ይላል! ሽቦውን ሞከሩት፤ ታጥፎ ቀረ። በመጨረሻ አጥቂው፣ ቁመተ ረጅሙ አሊ፣ የራስ ቅል የሚያህል ድንጋይ አንሥቶ ወደ መስታወቱ ተጠጋ።

እማማ ሩቅያ ነጠላቸውን በመስታወቱ ላይ ዘርግተው ተለጠፉበት። "በእኔ ደረት አድርገህ ስበረው! ልጄ ትናንት የገዛውን መኪና!"

"እማማ፣ ዳኛው ተነሡ እኮ!"

እውነትም ዳኛው ተነሥተዋል፤ ፊሽካቸውን ከኪሳቸው አውጥተዋል። ሙሄ መስታወቱን አየ፤ ልጆቹን አየ። ልቡ ስንጥቅ አለ። ቢሆንም የእናቱን ክንድ ይዞ፣ "እማ፣ ዞር በይ። ይሰበር! አሊ፣ በለው!" አለ።

"ቆይ! ቆይ!" ጋሽ ሲሳይ የአሊን እጅ ከአየር ላይ ቀለበው። ከሙሄ እጅ የተቀበለውን የቁልፍ ግማሽ አፍንጫው ላይ ይዟል። አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። "ይሄ ዝገት አይደለም። ይሄ... ይሄ አደስ ነው!"

ሁሉም ቀስ ብሎ ወደ እማማ ሩቅያ ዞረ። ከአናታቸው የሚመጣው ሽታ ራሱ ነው።

"እማ" አለ ሙሄ፣ "ቁልፉን ቀባሽው?"

"ምን ቀባሁት፣ ጠቀጠቅኩት እንጂ! ዓይን የሚገባው በቀዳዳ አይደል? ደፈንኩበታ!"

"ደፈንሽበት! ቁልፉንም ጭምር ደፈንሽበት!"

"ታዲያ ዓይን ገባ? አልገባም!"

ጋሽ ሲሳይ ግን አልተቆጣም፤ ፊቱ በራ። "ዝገት ቢሆን አልቆልን ነበር! ቅቤው ነው ከአቧራው ጋር ተቦክቶ ብርዱ ያረጋው። የረጋ ቅቤ ምን ይፈታዋል? ሙቅ! የፈላ ውሃ አምጡ!"

ከሜዳው ዳር ሻይ የምትሸጥ ሴት ሳትጠራ ማንቆርቆሪያዋን ይዛ እየሮጠች መጣች። ጋሽ ሲሳይ የፈላውን ውሃ በቁልፉ ላይ አንቆረቆረው። ቡናማ ቅባት በበሩ ላይ ወረደ፤ ሜዳው አደስ አደስ ሸተተ። ከቦርሳው ጠርሙስ አውጥቶ ዘይት ጠብ አደረገበት፣ በካቻቢቴው ጫፍ የተሰበረውን ቁራጭ ወደ ውስጥ ገፍቶ ጠመዘዘ። እምቢ። ዳኛው ፊሽካውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። "ማሊያው ታሰረ!" ይላሉ ማዶዎቹ። እንደገና ውሃ! እንደገና ዘይት!

"ቢስሚላህ በል!" አሉ እማማ ሩቅያ።

"በቢስሚላህም፣ በሥላሴም!" ብሎ ጋሽ ሲሳይ በሁለት እጁ ጠመዘዘው።

ጠቅ! መቆለፊያው ከውስጥ ብድግ አለ።

"ተከፈተ! ተፈታ! ማሊያው ተፈታ!" ሙሄ እንደ ሕፃን ዘለለ። ማሊያ በአየር ላይ በረረ፤ ታኬታ በአየር ላይ በረረ። እየሮጡ እንዴት እንደለበሱ አትጠይቁኝ፤ በረኛው የፊቱን ከኋላ አድርጎ ነው የገባው። ዳኛው ፊሽካውን ከአፋቸው አውጥተው፣ "ግቡ እንግዲህ" አሉ። ፈገግ ያሉ ይመስላል።

የመጀመሪያው አጋማሽ ያለ ጎል አለቀ። በእረፍት ጋሽ ሲሳይ ልጆቹን መከረና፣ እጁ አላስችል ብሎት ወደ ፒክአፗ ሄደ። ያቺን የበሩ ጠርዝ ላይ ያለች ቡሎን ፈታት፣ ሲሊንደሩን ከእጀታው ውስጥ ገፍቶ አወጣው። መዳፉ ላይ አጋድሞ ለሙሄ አሳየው፤ ከነተሰበረው ቁልፍ የቅቤ ጭቃ ሆኗል። "አንጥረን ብንበላው ይሻለን ነበር" አለ። እጀታው ላይ አውራ ጣት የምታስገባ ባዶ ቀዳዳ ቀረች።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ያ ድንጋይ አንሺው አሊ በግንባሩ አገባው። አንድ ለዜሮ! ሙሄ ማንን እንዳቀፈ አያውቅም፤ ኋላ ሲያየው የማዶዎቹን ወጌሻ ነበር። አለቀሰ፤ እያለቀሰም ሳቀ።

እማማ ሩቅያ እልልታቸውን አቀለጡት። ቅላቸውን ይዘው የአሊን አናት ቀቡ፣ የጋሽ ሲሳይን መላጣ ቀቡ፣ ዋንጫውንም ቀቡ። ከዚያ ወደ ፒክአፗ ዞሩ። ባዶዋን ቀዳዳ አዩዋት። ቅቤ የሞላው አውራ ጣታቸው ወደፊት ሄደ።

"እማ! በአላህ!" ሙሄ ዘሎ ቀዳዳዋን በሁለት መዳፉ ሸፈነ።

እማማ ሩቅያ ጣታቸውን አዩ፤ ጋሽ ሲሳይ እጅ ላይ ያለውን የዘይት ጠርሙስ አዩ፤ ልጃቸውን አዩ። በዚያ ቀን ያልተቀባው የእሱ አናት ብቻ ነበር። ቅቤውን በሙሉ አናቱ ላይ ለጠፉበትና ከሕዝቡ ቀድመው እየሳቁ፣ "አትፍራ ልጄ፣ ዛሬስ ገባኝ፤ ቅቤ ለአናት፣ ዘይት ለቁልፍ!" አሉ።