በአንድ ዳገት የወጡ ልጆች

አንድ ወፍጮ ወቃሪ ነበረ፤ ስሙ ደርበው ይባላል። የሰው ወፍጮ ድንጋይ ለስልሶ እህል አልፈጭ ሲል፣ በመውቀሪያው እየመታ ሸካራ የሚያደርግ ሰው ነው። ይህ ሥራ አንድ ቦታ ተቀምጠው እንጀራ የሚበሉበት አይደለም። የአንድ መንደር ወፍጮ በሁለት ቀን ተወቅሮ ያልቃል፤ ከዚያ ወደ ሌላው መሄድ ነው። ስለዚህ ደርበው ሚስቱን አንጓችን፣ ሴት ልጆቹን ስመኝንና ብርቄን፣ አንዲት አህያም ይዞ ዓመቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነበር።

ልጆቹ ግን ያለ ትምህርት አልቀሩም። አንጓች የደብተራ ልጅ ናትና ፊደል ታውቃለች። ጠዋት ጠዋት ጸሎት ካደረሱ በኋላ በጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ በከሰል ትጽፍላቸዋለች፤ ያነባሉ፣ ያጠፋሉ፣ እንደገና ያነባሉ። ወንዝ ሲሻገሩ አባታቸው ውሃው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚገባ ያሳያቸዋል። ስመኝ ገና በስምንት ዓመቷ የተጻፈ ያገኘችውን ሁሉ አቀላጥፋ ታነብ ነበር። እግዚአብሔር የሰጣቸው ትምህርት ቤት ይኸው ነው። ጣሪያ የለውም እንጂ ምን ጎደለው?

ሐሙስ ዕለት፣ ሰዉ በአጭሩ ሐሙስ ከሚለው ከቆላው ገበያ ተነሥተው፣ አንዱን ረጅም ዳገት ቀኑን ሙሉ ሲወጡ ዋሉና፣ ዓርብ ጠዋት ከአንድ ከተማ በር ደረሱ። በዚያ ከተማ ሹሙ አዋጅ አስነግሯል። ሰባት ዓመት የሞላው፣ ትምህርት ቤት የሌለውና ከወላጁ ጋር የሚዞር ልጅ ተወስዶ ለከተማ ቤት ይሰጥ፤ በዚያም እየሠራ ይማር ይላል። እየሠራ የሚለውን ሰው ሁሉ አይቶታል። ይማር የሚለውን ግን ያየ የለም።

ከነአንጓች ፊት የአንድ ባለጸጋ ጓዝ ቆሟል። እሱም ከሚስቱና ከሁለት ልጆቹ ጋር በበቅሎ አገር ለአገር የሚዞር ሰው ነው፤ ልጆቼ ዓለምን በዓይናቸው አይተው ይማሩ ብሎ ነው አሉ። አንጓች ከበቅሎዎቹ ኋላ ሆና የሚነጋገሩትን አልሰማችም። የሰማችው ሳቅና ጭብጨባ ብቻ ነው። ወዲያው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተና ባለጸጋው ከነልጆቹ ታጅቦ ማዕድ ወደተዘረጋበት ቤት ገባ። አንጓችም "ደግ አገር ነው መሰለኝ" አለችው ባሏን።

ተራቸው ደረሰ። ሹሙ ከወንበሩ ሳይነሣ፣ "ልጆቹ የት ነው የሚማሩት?" አለ።

"ከኛው ዘንድ ነው ጌታዬ" አለ ደርበው። "እናታቸው ታስተምራቸዋለች።"

ጸሐፊው ከመዝገቡ ቀና አለ። "ወፍጮ ወቃሪ ደግሞ መምህር አገባ? አህያዋስ፣ ዲያቆን ናት?"

በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ሳቀ። ሹሙ ወደ ስመኝ ዞረ። "አንቺ፣ ከሐሙስ ቀጥሎ ምን ይመጣል?"

ስመኝ ወደ እግሯ አየች። ውስጥ እግሯ ገና ይለበልባታል።

"ዳገቱ" አለች።

"ዕለት እንኳ አትለይም" አለ ሹሙ። "ጻፍ።"

"ጌታዬ፣ ፊደል ይጠይቋት" አለች አንጓች።

"አንቺን ማን ጠየቀሽ?"

ከሰዉ መሀል አንዲት የከተማ እመቤት ወጣ አለችና ስመኝን ክንዷን ጨበጥ አድርጋ አየቻት። "ትልቋን ለኔ ስጡኝ፤ ውሃ ትቀዳልኛለች። ትንሿ ገና ናት፣ ምን ትሠራለች።" ብርቄ የእናቷን ቀሚስ ጨምድዳ ያዘች። ደርበው "ምነው፣ በግ ልትገዢ መጣሽ እንዴ?" ብሎ ሊጠጋ ሲል ሁለት ዘበኞች ደረቱን ይዘው ገፉት።

ጸሐፊው መዝገቡን ወደ አንጓች ገፋ አደረገ። ቀለም አቀረበላት። "ልጆቼን ፈቅጄ ሰጥቻለሁ ነው የሚለው። አውራ ጣትሽን እዚህ አሳርፊ።"

አንጓች ጣቷን አልነከረችም። ጎንበስ ብላ ገጹን አየችው። ከዚያም ከፍ ባለ ድምፅ አነበበች።

"የባለጸጋው ልጅ። ከሐሙስ ቀጥሎ ምን ይመጣል ተብሎ ተጠየቀ። ዳገቱ አለ። አገር አይቶ የተማረ አስተዋይ ልጅ ነው፤ ከነቤተሰቡ በክብር ይግባ።"

ወደ ታችኛው መሥመር ወረደች።

"የወፍጮ ወቃሪው ልጅ። ከሐሙስ ቀጥሎ ምን ይመጣል ተብላ ተጠየቀች። ዳገቱ አለች። ዕለት የማትለይ ደንቆሮ ናት፤ ከእኅቷ ጋር ለከተማ ቤት ትሰጥ።"

"ማንበብ ትችላለች እንዴ?" አለ ጸሐፊው፣ ለራሱ ያህል።

"ጌታዬ" አለች አንጓች፣ "ዳገቱ አንድ ነው። የርስዎ እንግዳ በበቅሎ ወጣው፣ ልጄ በእግሯ ወጣችው። መልሱ ጥፋት ከሆነ አራቱንም ልጆች ይውሰዱ። መጀመሪያ የባለጸጋውን ልጆች ከማዕዱ ያስነሡና እዚህ ያምጡልኝ። ያን ጊዜ ጣቴን አሳርፋለሁ።"

ሹሙ ባለጸጋው ወደገባበት ቤት አየ። ከዚያ ወደ ጸሐፊው ጎንበስ አለ። "ገጹን ቅደደው።"

"የባለጸጋውም አብሮ ይቀደዳል" አለ ጸሐፊው።

ሹሙ "ጸሐፊው ተሳስቷል" ብሎ ተናገረ። "ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በዚህ በር ግን ሁለተኛ እንዳላያችሁ።" በደልኩ አላለም። ይቅርታ የሚል ቃልም ከአፉ አልወጣም። አንጓች ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ፣ እግዚአብሔርን እያመሰገነች፣ ተርባ ሄደች።

በማግሥቱ አንዲት ሰሌን ሠሪ ከወንድ ልጇ ጋር በዚያው በር መጣች። ልጁ ተጠየቀ፣ መለሰ፣ ተሳቀበት። መዝገቡ ተገፋላት። እሷ ፊደል አታውቅም። ጣቷን ነከረች።

ወገኖቼ፣ እኔ ብዙ አልተማርኩም፤ ይህ ግን ያንገበግበኛል። ሀብታም ልጁን ይዞ ሲዞር ዓለም አየ ይባላል፤ ድሃ ልጁን ይዞ ሲዞር ተንከራተተ ይባላል። ልጅን የሚያስተምረው የሚወደው ሰው ትዕግሥት ነው፤ እሱ ካለ መንገዱም ትምህርት ቤት ነው፣ እሱ ከሌለ ግንቡም ባዶ ነው። ለአንድ መልስ ሁለት ፍርድ የሚሰጥ ሹም ክፉ ነው። እኔን የበለጠ የሚያስቆጣኝ ግን በሩ ላይ የቆመው ሰው ሁሉ ነው። ሁለቱንም መልስ በጆሮው ሰምቷልና። ለመጀመሪያው አጨበጨበ፣ በሁለተኛው አፌዘ፤ ሴትዮዋ እስክታነበው ድረስ አንድም አፍ አልተከፈተም።

አንተስ በዚያ በር ቆመህ ብትሰማ ኖሮ፣ አንቺስ ቆመሽ ብትሰሚ ኖሮ፣ ለሰሌን ሠሪዋ ማን ያነብላት ነበር?