አንዳርጌና የድንኳኑ ገመድ

ሰው ነገር አፋጥናለሁ ብሎ በእጁ ያለውን ሲበትን፣ የእኛ አገር ሰው ከንፈሩን መጥጦ አንዲት አባባል ጣል ያደርጋል። አባባሏን የሚያውቃት ብዙ ነው፤ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ግን ጥቂት። የመጣችው ከቆላው የወታደር ማሰልጠኛ ነው፤ ያመጣትም አንዳርጌ የሚባል ምልምል ነው።

አንዳርጌ ማሰልጠኛ ሲገባ ሚስቱ የሺእመቤት ወሯ ገብቶ ነበር። አሥር አለቃ ጉደታ፣ አመሉ ክፉ ቢሆንም አንጀቱ የሚራራ ሰው ነውና፣ መቶ አለቃው ፊት ቆሞ ፈቃድ ለመነለት። "ስትወልድ ሦስት ቀን ሄዶ ይያቸው" ተባለ። የመጀመሪያ ልጁ ነው፤ አንዳርጌ ሌት ተቀን የሚያልመው ያችን ሦስት ቀን ሆነ።

ልጁ ግን አልመጣ አለ። ቀኗ አለፈ፣ ሳምንት ተጨመረ፣ ሌላም ሳምንት። እሑድ እሑድ ማሰልጠኛው በር ላይ ካለችው ሱቅ እየደወለ "እህስ?" ይላል፤ እናቱ "ምንም የለ" ትላለች። ጓደኞቹ "ልጅህ ሥልጠናውን ፈርቶ ነው" እያሉ ያላግጡበታል። አሥር አለቃው ሳይቀር ጠዋት ስም ሲጠራ "አንዳርጌ! ወለድክ?" ማለት ለመደ። አንዳርጌ መሳቁን ትቶ ጥርሱን መንከስ ጀመረ።

አንድ እሑድ እናቱ በስልክ ተቆጣችው።

"አንተ ልጅ፣ ጥፋቱ ያንተ ነው! ምጥ ሲዘገይ ባል የታሰረ ነገር አይዝም። አባትህ አንተ ስትወለድ መቀነቱን ፈቶ፣ በሬዎቹን ሳይቀር ከቀንበር አውጥቶ ነው የጠበቀህ። አንተ ከላይ እስከ ታች ተጠፍረህ እሷ በምን ትገላገል?"

"እማዬ፣ ወታደር እኮ ነኝ!"

"እና ወታደር አይወልድም?"

ሰኞ ጠዋት አንዳርጌ ቀበቶውን አንጠልጥሎ፣ የከስክስ ጫማውን ክር ፈትቶ ሰልፍ ገባ። ሩጫው ሲጀመር አንዱ ጫማ ከኋላ ቀረ፤ ሌላው ወደ ፊት ተወርውሮ የአሥር አለቃውን ቁርጭምጭሚት መታ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"አለቃዬ፣ ሚስቴ እንድትገላገል ነው።"

አሥር አለቃው ወደ ሰማይ አየ። "እሰር! አሁኑኑ እሰር!"

አሰረ። የእናቱ ቃል ግን ከጆሮው አልወጣም። ምሳ ሰዓት ላይ ሁሉም ሊበላ ሲሄድ እሱ ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ቀና ቢል ገመድ አየ። በግራ ገመድ፣ በቀኝ ገመድ፤ ሁሉም ከካስማ ጋር ጥብቅ ተደርጎ ታስሯል። "ለካ በዚህ ሁሉ ቋጠሮ መሀል እየተኛሁ ነው ልጄን ያገድኩት!" አለ በልቡ። የራሱን ድንኳን ገመድ ፈታ። የጎረቤቱስ? ያንንም ፈታ። ረድፉን ሁሉ ጨርሶ፣ ቀለል ብሎት ወደ ምሳው ሄደ። ወጥ የሚጨልፉት ሽማግሌው ወጥ ቤት ጋሽ ወልደሰንበት "ዛሬስ ፊትህ በርቷል" አሉት።

ቆላ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አያጣውም። ምልምሎቹ አፋቸውን ሳያብሱ ድንኳኖቹ ተነቅለው በሜዳው ይንከባለሉ ጀመር። ብርድ ልብሱ እሾህ ላይ ተሰቀለ፤ የመቶ አለቃው ካናቴራ ወንዝ ገባ።

መቶ አለቃው ቃል አላበዛም። "ፈቃድህ ተሰርዟል። ሁሉንም ብቻህን ትተክላለህ።"

አሥር አለቃ ጉደታ ጭንቅላቱን ይዞ ተንጎራደደ። "ጥፋተኛው እኔ ነኝ! ለዚህ ሰው ብዬ አፌን የከፈትኩት እኔ ነኝ!"

አንዳርጌ ቀበቶውን አጥብቆ፣ የጫማውን ክር ቋጥሮ፣ ያን ቀንም ማግስቱንም ገመድ ሲያስር ዋለ። በእናቱ ተናደደ፣ በነፋሱ ተናደደ፣ ከሁሉም በላይ በራሱ ተናደደ። የመጨረሻውን ቋጠሮ በጥርሱ ጭምር ሲያጠብቅ ባለሱቁ ከበሩ እየሮጠ መጣ።

"አንዳርጌ! እንኳን ማርያም ማረችልህ! ዛሬ ጠዋት ምጥ ያዛት፣ አሁን በሰላም ተገላገለች። ሴት ልጅ!"

አንዳርጌ ገመዱን እንደያዘ አሥር አለቃውን አየ። አሥር አለቃው መቶ አለቃውን አየ። መቶ አለቃው ገና አሁን ወደተተከለለት ድንኳን ገብቶ መጋረጃውን ዘጋ። ያኔ አንዳርጌ ካስማው አጠገብ ቁጭ ብሎ እንደ ልጅ አለቀሰ፤ ልጁን ከእሱ ቀድመው የሚያቅፏት ጎረቤቶች ናቸው።

ጋሽ ወልደሰንበት ጭልፋቸውን እንደያዙ ከወጥ ቤቱ በር ብቅ ብለው ይህን ሁሉ አይተው ነበርና፣ ማዘናቸውም መናደዳቸውም በአንድ ላይ መጥቶባቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ "አይ አንዳርጌ፣ ምጡ ሳይመጣ ድንኳን ፈታ!" አሉ።