የየሻረግ በገናና «በሞቴ» ባዩ መቅጃ

ተረት ይዤ መጥቻለሁ። ጆሮ ያለው ይቅረብ፤ ሥራ ያለው ሥራውን ይዞ ይቅረብ። «ስንቴ ሰምተነዋል» የሚል ካለ እዚያው ይቀመጥ፤ ይህን አልሰማውም።

ድሮ ነው፣ በጣም ድሮ፤ አህያ መልእክት ታደርስ በነበረበት፣ ዕቃ ሁሉ አፍ አውጥቶ ያወራ በነበረበት ዘመን። አንዲት ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ስሟ የሻረግ። ገበያው ዳር ባለች አንዲት ክፍል ሱቅ ውስጥ ቀሚስ ትሰፋለች፣ ሱሪ ታሳጥራለች፣ ዚፕ ትቀይራለች። ሱቋ ውስጥ አንዲት የስፌት መኪና፣ አንድ ኮምፒውተርና አንዲት በገና ነበሩ። «በዚያ ዘመን ኮምፒውተር ከየት መጣ?» ብላችሁ እንዳትጠይቁኝ። ተረቱ የኔ ነው፤ ነበረ ካልኩ ነበረ።

የሻረግ እጇ ወርቅ ነው። አንድ ጉድለት ብቻ ነበረባት፤ «አይ» ማለት አትችልም። ይሉኝታ ይይዛታል። ደንበኛ «ለነገ አድርሺልኝ» ሲላት፣ እሺ። ጎረቤት «ወንበርሽን አውሺኝ» ስትላት፣ እሺ። ጎረቤቲቱ ወንበሩን ወስዳ ቀረች፤ የሻረግ ሣጥን ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች እንጂ «መልሺልኝ» አትልም።

በገናዋ የየኔታ ክንፉ ነበረች። የኔታ ከወንዝ ማዶ የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው፤ የሻረግን በገና ያስተማሯት እሳቸው ናቸው። እሷም ሥራ ሲቀዘቅዝ ለራሷ ደስታ ትደረድራለች፤ አንድም ቀን «ደርዳሪ ነኝ» ብላ አታውቅም። ቁርጥማት የየኔታን ጣቶች ሲያስራቸው፣ በገናቸውን አቅፈው መጥተው አስረከቧት።

«ልጄ፣» አሏት፣ «ስድሳ ዓመት ሙሉ ሁዳዴን ያለ በገና ጾሜ አላውቅም። መደርደሩ ቀረብኝ፤ መስማቱ ግን አይቅርብኝ። ጾሙ ሳይገባ ድምፅዋን ቅጂና ላኪልኝ።»

«እሺ የኔታ» አለች የሻረግ። ይህቺን እሺ ከልቧ ነው ያለቻት።

ኮምፒውተሩ ውስጥ አንድ አሮጌ የድምፅ መቅጃ ነበር። ሁለት ነገር ብቻ ያውቃል፤ ቀዩን ሲነኩለት ይቀዳል፣ ጥቁሩን ሲነኩለት ያቆማል። ከዚያ ውጭ ዝም ነው። አንድ ማለዳ ኮምፒውተሩ ድንገት አፉን ከፈተ።

«አዲስ መቅጃ መጥቷል። በአሮጌው ቦታ ላስገባው?»

የሻረግ አሮጌውን አየችው። «እሺ» አለችና ቁልፉን ነካች። አሮጌው በዚያው ሄደ፤ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይላት።

አዲሱ ግን ገና ከመግባቱ ሽር ጉድ አለ፣ ልክ እንደ ሰርግ ቤት አስተናጋጅ። መቶ ቁልፍ አበራ፣ መቶ መስኮት ከፈተ።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! አይድከሙ! ሁሉንም ለኔ ይተዉት!»

የሻረግ በገናዋን አንስታ ደረደረች፣ አዲሱም ቀዳ። እንደጨረሰች ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቴ፣ ስህተት አግኝቻለሁ። የጣትዎ ምት ከቆጣሪዬ ጋር አይሄድም። አንዴ ይዘገያሉ፣ አንዴ ጭራሽ ይቆማሉ። ላርመው?»

«በገና ሲደረደር እኮ ይተነፈሳል» አለች የሻረግ ቀስ ብላ።

«በሞቴ! አንዴ ብቻ!»

ጎበዝ፣ በሞቴ ሲባል ምን ይደረጋል? እጅ ጉርሻ ይዞ አፍ ሥር ሲቆም ማን ፊቱን ያዞራል? «እሺ» አለች። መቅጃው ዜማውን ቋ፣ ቋ፣ ቋ አድርጎ አሰለፈው።

«ልጄ፣» አለች በገና በዚያ በወፍራም ድምፅዋ፣ «ማን ነው የሚያባርረኝ?»

ቅዳሜ እመት አህያ ከወንዝ ማዶ እህል ጭና ገበያ መጣች። የሻረግ ዜማው ያለበትን ፍላሽ አንገቷ ላይ አሰረችላት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እመት አህያ ምላሹን ይዛ መጣች።

«የኔታ በሬዲዮናቸው ሰሙት» አለች። «‹ምን አስቸኮላት ይህቺን ልጅ? ውሻ እያባረራት ነው ወይ?› አሉ። ‹ተረጋግታ ትላክልኝ› አሉ።»

የሻረግ አፈረች። በሳምንቱ ተረጋግታ ደረደረች። አንቺሆዬን ቃኝታ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ ሳትቸኩል። መቅጃው ግን አሁንም ጉሮሮውን ጠረገ።

«እመቤቴ፣ ስህተት አግኝቻለሁ። ይህቺ ድምፅ ከሁለት የፒያኖ ቁልፎች መሃል ወድቃለች። ያቺም እንደዚሁ። ሁሉንም አንስቼ ቁልፋቸው ላይ ላስቀምጣቸው?»

«የወደቁ አይደሉም፤ ቤታቸው እዚያ ነው። አንቺሆዬ እንዲህ ነው የሚቃኘው።»

«በሞቴ እመቤቴ! አንዴ ብቻ!»

«እሺ» አለች የሻረግ። በገናም «ልጄ፣ በማን አፍ ነው የምናገረው?» አለች።

ቅዳሜ ሆነ፣ እመት አህያ ፍላሹን ይዛ ሄደች። እሑድ ሆነ፣ ጆሮዋን እያርገበገበች ተመለሰች።

«‹ይህ ሰው ማን ነው? አገሩስ ወዴት ነው? ንግግሩ አልገባኝም› አሉ የኔታ። እውነት ለመናገር እኔም አልገባኝም። እኔ ግን አህያ ነኝ፤ አይፈረድብኝም።»

ሦስተኛው ሳምንት መጣ። ሁዳዴ ሊገባ አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ ቀረው። የሻረግ የደንበኞቿን ሥራ ሁሉ ወደ ጎን አድርጋ በገናዋን ደረደረች፤ እንደዚያ ቀን አድርጋ ደርድራ አታውቅም። ስትጨርስ መቅጃው እንደ ልማዱ ወዲያው ጉሮሮውን አልጠረገም። ገባው መሰላት። የት ይገባዋል!

«እመቤቴ፣ ይህኛው ከባድ ነው። ድምፁ ውስጥ ዝንብ አለ።»

«የምን ዝንብ?»

«ዝዝዝዝ የሚል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አልተለየዎትም። ቆሻሻ ነው። ላጽዳው?»

«ኧረ ዝንብ አይደለም! እንዚራ ነው። በየአውታሩ ሥር የምትሰካ የቆዳ ቁራጭ ናት፤ አውታሩ እሷን ሲነካ ነው እንዲያ የሚለው። በገናን በገና ያሰኛት እኮ እሱ ነው።»

«በሞቴ!»

«ተው እባክህ።»

«በሞቴ እያልኩዎት!»

እጇ ሳታዘው ሄደ። «እሺ።»

መቅጃው ጠራርጎ ሲጨርስ መልሶ አሰማት። ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል፤ በደንብ እንዳልተዘጋ ቧንቧ። የሻረግ ወደ በገናዋ ዞረች።

«ምነው ዝም አልሽ? ተናገሪ እንጂ።»

«በምኔ ልናገር?» አለች በገና። «ድምፄን አጸዱልኝ አይደል?»

እንዳትልኪው፣ አትሉም? እኔም ብሆን እንዲያ እላት ነበር። እመት አህያ ግን ተጭና ደጅ ቆማለች፣ ቅዳሜው የመጨረሻው ነው፣ ደግሞም የሻረግ መቅጃውን አሰበችው። «ስንት ደከመልኝ፤ እንዴት አድርጌ ጥዬዋለሁ እለዋለሁ?» አለች። አያችሁ ይሉኝታን? ለዕቃ! ላከችው።

በማግስቱ እሑድ ቅበላ ነበር። ከየቤቱ የጥብስ ሽታ ይወጣል፣ ሰው ሁሉ ከጾሙ በፊት ይጋበዛል። እመት አህያ አንገቷን ደፍታ መጣች።

«ምን አሉ?» አለች የሻረግ።

«አይነገርም።»

«ንገሪኝ!»

«ሰሙና ሬዲዮኑን ዘጉት። ከዚያ ጋቢያቸውን ዘቅዝቀው ለበሱ። ‹በገናዬ አርፋለች› አሉ። ‹ልጅቷ እንዳልደነግጥ ብላ ደብቃኝ ነው። ነፍሷን ይማር› አሉ። ጎረቤት ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ተቀምጧል። ‹እንግዲህ ሁዳዴን በዝምታ እጾማለሁ› ብለዋል።»

የሻረግ እንባዋ መጣ። ከእንባዋ ኋላ ደግሞ ንዴቷ መጣ። ንዴቷን አታውቀውም ነበር፤ ትልቅ ሆኖ አገኘችው።

ሄዳ ኮምፒውተሩ ፊት ቆመች።

«እንኳን ደህና መጡ እመቤቴ! ዛሬስ ምን ላርምልዎ?»

«ማረምህን አቁም። ሁለተኛ እጅህን እንዳታስገባ።»

«እንዴት ተደርጎ! እንዲህ አምሮ! ደግሞስ ማቆሚያዬ የት እንዳለ ያውቁታል?»

አላወቀችውም። መቶ ቁልፍ፣ መቶ መስኮት። ሣጥኗ ላይ ተቀምጣ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ይህን ጊዜ ስንት ዓመት ሙሉ ከክር በቀር ነገር የማታወራዋ የስፌት መኪና ተናገረች።

«አንቺ ሴትዮ! ሌላ ሰው ያበላሸው ቀሚስ ሲመጣልሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?»

«እገለብጠዋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ክሩ የታሰረበትን እፈልጋለሁ።»

«ከዚያስ?»

«እፈታዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?»

የሻረግ እንባዋን ጠርጋ መቅጃውን ገለበጠችው። መስኮቱን አንድ በአንድ ከፈተች። ያልገባትን ሁለቴ አነበበች፤ ሁለቴ አንብባ ያልገባትን ነክታ አየችው፤ ሲበላሽ መለሰችው፤ መመለሻዋንም በዚያው አወቀቻት። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ቆጣሪውን አገኘችው።

«እሱን ይተዉት፣ በሞቴ!»

«አይ» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ነው የወጣው። ቢሆንም ወጣ። ቆጣሪው ጠፋ።

ቀጥላ ድምፁን ፒያኖ ላይ የሚያስቀምጠውን አገኘችው፤ ከሌላ መስኮት ጀርባ ተደብቋል።

«በሞቴ እመቤቴ! እሱን እንኳ!»

«አይሆንም!» እሱም ጠፋ።

ጠራጊው ቀረ። ጠራጊው ከሁሉም ወደ ውስጥ ገብቶ፣ «ለባለሙያዎች ብቻ» ከሚል በር ኋላ ተቀምጧል።

«እዚህ አይገቡም» አለ መቅጃው። «እርስዎ ባለሙያ አይደሉም።»

«አይደለሁም» አለች የሻረግ። «ለራሴ ደስታ የምደረድር ልብስ ሰፊ ነኝ። በሩን ክፈት!»

«በሞቴ! በሞቴ! በሞቴ!»

«እንግዲያ ሙት!»

መቶው መብራት ዝቅ አለ። በሩ ተከፈተ፣ ጠራጊው ጠፋ። መቅጃው ግን አልሞተም። ቆይቶ፣ ቆይቶ፣ በቀጭን ድምፅ «ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አለ።

«ቅዳ ስልህ ትቀዳለህ፣ አቁም ስልህ ታቆማለህ። ደግሞ የየኔታ ጆሮ ደክሟል፤ ድምፁን ሳትለውጥ ከፍ ማድረግ ትችላለህ?»

«እሱንማ እችላለሁ!»

«ጎሽ። እሱን ታደርጋለህ።»

በገናዋን ልታነሳ ስትል ጎረቤቲቱ ብቅ አለች። «የሻረግ፣ ቅበላ ነው እኮ፣ ነይ ቅመሺ፣ በሞቴ!»

«አልመጣም። ልቀዳ ነው። ወንበሬንም አሁኑኑ አምጪልኝ፤ በገና ሣጥን ላይ ተጎልቶ አይደረደርም!»

ጎረቤቲቱ አፏን ከፍታ ቀረች። ወንበሩ ግን መጣ።

የሻረግ ተቀመጠች፣ በገናዋን አቀፈች፣ ደረደረች። መተንፈስ ሲያምራት ተነፈሰች። አንቺሆዬን ቤቱ ውስጥ አኖረችው። እንዚራው እንደልቡ ዝዝዝዝ አለ። መቅጃው ትንፍሽ አላለም። ፀሐይ ሳትጠልቅ እመት አህያ ፍላሹን ይዛ ወንዙን ተሻገረች።

ሰኞ ማለዳ፣ ጾሙ በገባበት ቀን፣ እመት አህያ እየሮጠች መጣች። አህያ ስትሮጥ አይታችኋል? እኔ አይቻለሁ፤ ደስ ይላል።

«መጀመሪያ አልሰማም አሉ» አለች እያለከለከች። «ሊያስተዛዝን የመጣው ጎረቤት ለመናቸው፣ ሬዲዮኑን ከፈተላቸው። ገና ዝዝዝ ሲል ብድግ አሉ! ‹አለች! አለች!› አሉ። የዘቀዘቁትን ጋቢ መልሰው ለበሱ። ከዚያ ቁጭ ብለው ሰሙ፣ ሰሙ፣ ሰሙ። መሃል ላይ ሳቁ።»

«ለምን ሳቁ?»

«‹ሰማህ? እዚህ ጋ ተሳሳተች!› አሉት ጎረቤቱን።»

የሻረግ ፊቷ ተለዋወጠ። «ተሳሳትኩ?»

«ጎረቤቱም ደንግጦ ‹ይማሯት› አላቸው። ‹ምኗን ነው የምምራት?› አሉ። ‹ስህተቱ የኔ ነው! ከልጅነቴ ጀምሮ እዚህች ጋ ጣቴ ይሰናከላል። ሳስተምራት አብሬ አስተማርኳት ማለት ነው። ይኸው እዚያ እጇ ላይ አለ ጣቴ! እኔ ነኝ የምደረድረው!› አሉ። እያለቀሱ ነው ይህን ያሉት። ሬዲዮኑን አቅፈውታል።»

የሻረግ ቀኝ እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አየቻቸው። በዚህ መሃል ከኮምፒውተሩ በኩል አንድ ጉሮሮ ተጠረገ።

«ስህተት አለ ሲሉ ሰማሁ ልበል? ብቻ ቦታውን ይንገሩኝ፣ በሞቴ፣ ላር...»

«አይ!» አሉ የሻረግ፣ በገናዋ፣ የስፌት መኪናዋና እመት አህያ በአንድ አፍ።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሊያግዛችሁ የመጣውን ተማሩት፣ ገልብጡት፣ እዘዙት። እናንተን ራሳችሁን ሊያርም ሲነሳ ግን «አይ» በሉት፤ «በሞቴ» ብሎ የሞተ የለም። ተረቴ ይኸው ነው። «ላርምልህ» የሚል ካለ መልሴን ሰምቷል።