አያ ጅቦና የተኙት ጀርሞች

አንድ ጊዜ አያ ጅቦን ክፉ ሳል ያዘው። ልጩህ ቢል የሚወጣው ክህ ክህ ብቻ ሆነ። ሥጋው አልቆ ቆዳው ቀረ። እሱን ያንገበገበው ግን ይህ አልነበረም፤ ጌታ አንበሳ ልጁን ሊድር ሰንጋ እያሰባ፣ «የሚያስል ድግሴ ላይ ዝር እንዳይል!» ብሎ ማስነገሩ ነው።

ስለዚህ እየተንገዳገደ እመት ቀበሮ ዘንድ ሄደ። ቀበሮ አዲስ መድኃኒት ቀምማ የምትሞክርበት በሽተኛ አጥታ ነበርና ስታየው ደስ አላት። ቢሞትም አልቃሽ የለው።

«ደረትህን የወረሩት ጀርሞች ሰም የለበሱ ናቸው፤ ተራ መድኃኒት አይዘልቃቸውም» አለችው። «ይህ ቅጠል ሲባዙ አዲስ ሰም እንዳይሠሩ ይከለክላቸዋል፤ ልብሳቸው ይቀደድና ያልቃሉ። ግን ከመካከላቸው የሚተኙ አሉ። የተኛ ልብስ አይሠራምና ቅጠሉ አይነካውም። ለእነሱ ይህን ሥር ውሰድ፤ የሚሞቁትን እሳት ያጠፋባቸዋል። ሥሩ ብርቅ ነው፤ ያለኝም ይኸው ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ዋጥ፤ ሳሉ ቢተውህም እስኪያልቁ እንዳታቋርጥ!»

«እኔ የጀመርኩትን ማዕድ አቋርጬ አውቃለሁ?» አለ ጅብ። እውነቱን ነበር፤ እስከዚያን ቀን ድረስ።

መድኃኒቱ እንደ ሐሞት ይመራል። ቢሆንም ሰንበትበት ሲል ሳሉ ጠፋ፣ ድምፁ ተመለሰ፤ አንዴ ቢጮህ አገር ተሸበረ። ይኼኔ ጎረቤቱ አህያ እያሳለች መጣች። ሳሉን ያጋባባትም ራሱ ነው።

«አያ ጅቦ፣ ቅጠሉን ከቀበሮ አግኝቻለሁ፤ ሥሩ ግን ካንተ በቀር የለም አለችኝ። ስለ ፈጣሪ ብለህ አካፍለኝ።»

ጅብ አሰበ። ባይለምድበትም አሰበ። «የነቁት አልቀዋል፤ የቀሩት ተኝተዋል። የተኛ ጀርም ምን ያደርገኛል? ሥጋ አይሻማኝ!»

«ሁሉንም ውሰጂው» አላት፣ በገዛ ቸርነቱ እየተደነቀ። «በምትኩ የድግሱ ዕለት በጀርባሽ ታደርሺኛለሽ። እንደ መኳንንት ተቀምጬ ነው የምገባው።»

ከዚያ ወዲያ ቅጠሉንም ትዝ ሲለው ብቻ ያኝክ ጀመር።

የድግሱ ዕለት አህያ ድና፣ ፀጉሯ አብረቅርቆ፣ ጅብን ተሸክማ አንበሳ ደጅ ደረሰች። የሥጋው ሽታ አፍንጫውን ሲያውደው ምራቁን ዋጠና ለሰላምታ አፉን ከፈተ።

«ጌታዬ፣ እንኳን ደስ... ክህ! ክህ! ክህ!»

«አስወጡልኝ!» አለ አንበሳ።

ከእንግዶቹ መካከል የነበረችው ቀበሮ ተነሥታ ጆሮዋን ደረቱ ላይ አደረገች። «የተኙት ነቅተዋል። ስታኝክ ስትተው ቅጠሌንም ለምደውታል። ሥሩስ የታለ?»

ጅብ ወደ አህያ ዞረ። «መልሺልኝ! ቶሎ በይ!»

«ውይ፣ አያ ጅቦ! ዋጥኩት እኮ። እመት ቀበሮ ጨርሺው ብላኝ ነበር።»

«እንግዲያው መድኃኒቴ መሥራቱን አረጋገጥኩ» አለች ቀበሮ ደስ ብሏት፤ «በአህያዋ።»

አያ ጅቦ እያሳለ በእግሩ ወደ ጎሬው ተመለሰ፤ ክረምቱንም አላለፈ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሕመሙ ዝም ስላለ ብቻ መድኃኒቱን የሚያቋርጥ ሰው ጠላቱን አሳርፎ እንደሚያበረታው ነው።