የወንዙ መርዶ

አንድ ጥሩምባ ነፊ ነበር፤ አያ ልንገረው ይሉታል። ሥራው በመንደሩ ሰው ሲሞት ጥሩምባ እየነፋ የዕድሩን አባላት ለቀብር መጥራት ነው። ጥሩምባው ከመጮኹ የተነሣ አንድ ጊዜ ሬሳው ራሱ “አቤት!” ብሏል ይባላል።

በዚያ አገር አንድ ወንዝ ነበር። ሰዉ እስከ አፋፉ አረሰው። ዋንዛውን ቆርጦ ጨረሰና በምትኩ ባሕር ዛፍ ተከለ። ባሕር ዛፉ ውሃውን ሲጨልጥ ጉሮሮው እስከ ገበያ ይሰማ ነበር። የተረፈውን ዳር ከብቱ ረገጠው። በመጨረሻ ወንዙ በበጋ መፍሰሱን አቆመ። እንቁራሪቶቹ አቧራቸውን እያራገፉ ይጮኹ ጀመር፤ ዓሣዎቹም በእግራቸው ወደ ቆላ ተሰደዱ። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ከመራቃቸው የተነሣ ሲመለሱ ጡት ያልጣለው ልጃቸው ጢም አብቅሎ ይጠብቃቸዋል።

አያ ልንገረው ሦስት ጊዜ “ለወንዙ ደቦ እንውጣ! ዳሩ ላይ ችግኝ እንትከል፣ አጥር እንጠር!” ብሎ ቤት ለቤት ለመነ። በሦስተኛው ሦስት ሰውና አንዲት ፍየል መጡ። ከሦስቱ አንዱ መንገድ ጠፍቶበት ነው። ችግኙን ፍየሏ በላችው።

በሳምንቱ ጥሩምባው በማለዳ ጮኸ።

“ሁላችንን አጥቦ ያሳደገ ታላቅ ዘመዳችን አርፏል! ቀብሩ ወንዙ ዳር ነው! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!”

መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። ለደቦ ወገቡን ያመመው ሁሉ ለቀብር ዳነ። ዶማና አካፋ ያልያዘ ወንድ፣ ንፍሮ ያልያዘች ሴት አልነበረችም። አልቃሿ እማማ አንጓችማ ሟቹ ማን እንደሆነ ሳያውቁ ደረታቸውን እየመቱ ሙሾውን ጀምረዋል።

“ሬሳው የታለ?” አሉ የዕድሩ ዳኛ አባ ቢተው።

“ቆመውበታል፣ አባ።”

ሁሉም ወደ እግሩ አየ። ደረቅ አሸዋ ነው። ነገሩ የገባቸው አባ ቢተው ቁጣቸው ነደደ።

“አንተ ቀላማጅ! በሐሰት ጥሩምባ የነፋ ከዕድር ይባረራል። ከዕድር የተባረረ ደግሞ ሲሞት የሚቀብረው የለም። ሕጉን ታውቃለህ አይደል?”

ያውቃል እንጂ! ሚስት የለው፣ ልጅ የለው፤ ያለው ቀባሪ ዕድሩ ብቻ ነው። ምላሱ ግን አልተንቀጠቀጠም።

“እሺ አባ። ሞቷል ካላችሁ ቅበሩት። አልሞተም ካላችሁ ደግሞ ሕያውነቱን አሳዩኝና አባርሩኝ።”

ወንዶቹ ውሃ ሊያሳዩት በንዴት አሸዋውን ይቆፍሩት ጀመር። ጉድጓዱ ደረት ሲደርስ አሸዋው ረጠበ፤ ትንሽ ቆይቶም እፍኝ የማትሞላ ውሃ አቀረረ። እማማ አንጓች ሙሾውን ከመሃል ቆረጡት።

“ላብ አለው! ይሄ በሽተኛ ነው እንጂ ሬሳ አይደለም። እኔ ለሕያው አላለቅስም!”

“ይኸው!” አሉ አባ ቢተው እየዘለሉ። “አልሞተም! ዋሽተሃል፤ ትባረራለህ!”

“ይቺማ የእኔን ላብ አታህልም፣ አባ። ወንዝ ማለት የሚፈስ ነው። በመጋቢት ሲፈስ ያሳዩኝ፤ ጥሩምባዬን አስረክቤ እወጣለሁ።”

“ቢተው ይሙት! አንተን ለማባረር ስል አስፈስሰዋለሁ!”

ከዚያ ቀን ጀምሮ ዕድሩ ወንዙን እንደ በሽተኛ ይጠይቀው ጀመር። በየሳምንቱ አሥር አሥር ቤት በተራ ይወጣል። በሽተኛ ባዶ እጅ አይጠየቅምና አንዱ ለእርከን ድንጋይ፣ አንዱ የዋንዛ ችግኝ፣ አንዱ ለአጥር የሚሆን እሾህ ይዞ ይመጣል። ማረሻው ከዳሩ አርባ እርምጃ ራቀ። ከብቱ ታሰረ፤ ሣሩ ታጭዶ ይሄድለታል። አባ ቢተውም ለልጃቸው ቤት ያሳደጉትን ባሕር ዛፍ በገዛ እጃቸው ቆርጠው ጉቶውን ነቀሉ። “ለወንዙ አዝነው ነው፣ አባ?” ሲሏቸው “የምን ወንዝ! ለዚያ ውሸታም ብዬ ነው እንጂ!” ይላሉ። ጥበቃው ከመክረሩ የተነሣ ዝንብ እንኳ ዳሩ ላይ ለማረፍ ዳኛውን ታስፈቅድ ነበር።

ትልቁን ድንጋይ የሚሸከመው ግን ራሱ አያ ልንገረው ነው።

“ምነው ልጄ፣ መባረሪያህን በገዛ ትከሻህ?” አሉት እማማ አንጓች።

“ምን ላድርግ እማማ፣ ጠማኝ።”

ሦስት ክረምት አለፈ። በሦስተኛው ዓመት መጋቢት ሰማዩ እንደ ምጣድ ሲግል ወንዙ ይፈስ ነበር። የዳሩ ደንገል አቆጥቁጧል፤ ዓሣዎቹም ጓዛቸውን ጠቅልለው ተመልሰዋል። አባ ቢተው ሱሪያቸውን ሰብስበው ውሃው መሃል ገቡና ዕድሩን ጠሩ።

“አያ ልንገረው! ይኸው ይፈሳል። ውሸትህ ተረጋግጧል።”

“ተረጋግጧል፣ አባ” አለና ጥሩምባውን አስረከባቸው። ሳቁም እንባውም አንድ ላይ መጡበት።

“አባ፣ ይማሩት!” ብሎ ሰዉ ተንጫጫ።

“ሕግ ሕግ ነው! ተባርሯል!”

አባ ቢተው ጎንበስ ብለው ከውሃው አንድ እፍኝ ጠጡ፤ አጣጣሙትም።

“ከአሁን ጀምሮ እስከ ነገ ጠዋት ተባርረሃል። ነገ ችግኝ ይዘህ ና፣ እንደ አዲስ አባል ትመዘገባለህ፤ ጥሩምባህንም ትወስዳለህ። እስከዚያ ግን አደራህን እንዳትሞት! የሚቀብርህ የለም።”

ወዳጆቼ፣ እኛ ለቀብር ስንጠራ ማንም አይቀርም፤ ለበሽተኛ ግን “ነገ እጠይቀዋለሁ” እንላለን። መቃብር የሚቆፍረው ዶማ ችግኝም ይተክላል፤ ቁም ነገሩ ቀድሞ መውጣት ነው። በፍቅር ይሁን በእልህ ችግኙ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው መጥታችሁ እንደሆነ ብቻ ነው። እስኪ ንገሩኝ፣ በእናንተስ አገር ጥሩምባ እስኪነፋለት የምትጠብቁት በሽተኛ ወንዝ የለም?