ከመርዶ የቀደመ ልቅሶ

አንድ ሰው ነበር። በባሌ ደጋ፣ ከተራራው ግርጌ ባለች ከተማ ልብስ እየሰፋ ይኖር ነበር። ብስክሌት መንዳት ይወዳል። ሰንበት ከሰዓት በኋላ ቀጭን ጎማ ያላትን ብስክሌቱን ያወጣና ጫካውን ሰንጥቆ በሚያልፈው ጭር ያለ አስፋልት ሽቅብ ይወጣል፤ ላቡ ጠብ ሲል ይመለሳል።

የሚነዳው ሁልጊዜ ብቻውን ነው። ሰው ከኋላው ሲከተለው ይጠረጥራል። ሰው ከፊቱ ሲቀድመውም ይጠረጥራል። «ምን ፈልጎ ነው?» ይላል።

ወገኖቼ፣ ይህ ሰው ክፉ አልነበረም። ጠርጣራ ሆኖም አልተወለደም። ጥርጣሬን ያስተማርነው እኛ ነን። እንዴት? ልንገራችሁ።

እናቱ ከተራራው ማዶ፣ በተወለደበት መንደር፣ ከታናሽ ወንድሙ ከይርዳው ጋር ትኖር ነበር። አንድ ቀን ይርዳው ደወለለት። «እማዬን ትንሽ አሟታል፤ ብቅ በል» አለው። ሰውየው ብርቱካን ገዛ። አውቶቡስ ውስጥ ከጎኑ ለተቀመጠችው ሴት፣ «እናቴ እኮ ልጣጩን እንኳ አትጥልም፤ አድርቃ ከሻይ ጋር ታፈላዋለች» እያለ ሲያወራት ሄደ። ከአውቶቡስ ሲወርድ ሁለት ጎረምሶች ግራና ቀኝ ክንዱን ያዙት። «ምነው? ምን ሆናችሁ?» ቢልም ክንዱን እንደያዙ መንገዱን ቀጠሉ። ጥጉን ዞር ሲል ድንኳን አየ። እናቱ በዋዜማው ተቀብራለች። ብርቱካኑን እንደያዘ ድንኳን ገባ።

ይህ ወጋችን ነው፤ አይደለም? መርዶ በድንገት አይነገርም እንላለን። ሰው መንገድ ላይ እንዳይወድቅ፣ ሐዘኑን ብቻውን እንዳይሰማ፣ «ትንሽ አሞታል» እንላለን። የምንለው ከርኅራኄ ነው። ሰውየው ግን በዚያ ቀን አንድ ነገር ተማረ። «ትንሽ አሞታል» ማለት «ሞቷል» ማለት ነው ብሎ ተማረ። ወንድሙንም፣ «እናቴን አፈር እንዳላለብስ አደረግኸኝ። ብርቱካን አስይዘህ መሳቂያ አደረግኸኝ» ብሎት ወጣ። ከዚያ ወዲያ አልተነጋገሩም።

ዓመታት አለፉ። አንድ ማለዳ የይርዳው ሚስት ወይንሸት ደወለች።

«ጋሼ፣ ይርዳው ትንሽ አሞታል። እባክዎ ቶሎ ይምጡ። የምነግረው አለኝ እያለ ነው።»

ትንሽ አሞታል።

ሰውየው ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቆመ። «ሞቷል» አለ በልቡ።

በዚያ ሰሞን ድልድዩ ፈርሶ መኪና ወደ ማዶ አያልፍም ነበር። በእግር ወይም በብስክሌት ካልሆነ መሻገሪያ የለም። ብስክሌቱን አወጣ። በዚህ ጊዜ ምንም ስንቅ፣ ምንም መጠየቂያ አልያዘም። ለሞተ ሰው ምን ይያዛል?

ጫካው ውስጥ ጥድና ኮሶው ከመንገዱ በላይ ገጥሞ ጥላ ሠርቷል። ከላይ አንድ ብስክሌተኛ እየበረረ ወረደና አጠገቡ ሲደርስ ዞሮ አብሮት መንዳት ጀመረ። ጎልማሳ ነው፤ ባቱ እንደ ገመድ የተገመደ።

«ጋሼ፣ የአሰልጣኝ ይርዳው ወንድም ነዎት?»

«ማን ላከህ?»

«እሱ ራሱ። ቃሲም እባላለሁ፤ ብስክሌት ያስተማረኝ እሱ ነው። ‹ላይ ሜዳው ላይ ንፋሱ ከባድ ነው፣ ወንድሜ ብቻውን አይችለውም፣ ከፊቱ ሆነህ አምጣልኝ› ብሎኝ ነው።»

«እሱ ነው እንዲህ ያለህ? በአፉ?»

«በአፉ ነው እንጂ በምን ሊናገር ነው?»

ቃሲም ከፊቱ ገባ። «ጎማዬን ተጠግተው ይንዱ፤ ንፋሱን እኔ እመክትልዎታለሁ» አለው። ሰውየው አልተጠጋም። ራቅ ብሎ ተከተለ።

ጥቂት እንደሄዱ ቃሲም ግራ እጁን ዝቅ አድርጎ ወደ መሬት ጠቆመ። የሰውየው ዐይን ወደ ጥዶቹ ሥር ሮጠ። ለማን ነው ምልክት የሚሰጠው? እዚያ ውስጥ ማን አለ? ዛፍ ዛፉን ሲያይ የፊት ጎማው ጉድጓድ ገባ። ሊፈጠፈጥ ለጥቂት ተረፈ።

«አሳየሁዎት እኮ ጋሼ! ጉድጓድ ሲኖር ከፊት ያለው በእጁ ያሳያል። ከኋላ ያለው መንገዱን በደንብ አያየውማ።»

«እኔ ብቻዬን ነው የምነዳው።»

«ታዲያ ለዚህ ነዋ ጉድጓድ ውስጥ የሚገኙት!» አለና ቃሲም ሳቀ። ወዲያው ግን የታመመውን ሰው አስታወሰና ዝም አለ።

ሰውየው ያንን አየ። ለምን ሳቁን ዋጠው? ሳቁን የሚውጥ ወደ ልቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ነው።

እንጨት የተሸከሙ ሴቶች መንገድ ለቀቁላቸው። አንዷ አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ብርድ ነበር፤ ሰው ሁሉ አፉን የሚሸፍንበት ብርድ። እሱ ግን፣ «አወቀችኝ፤ አዘነችልኝ» አለ።

ጫካው አለቀ። ከዚያ በኋላ ከአስታ ቁጥቋጦ በቀር ዛፍ የማይበቅልበት ሰፊ ሜዳ ነው። ንፋሱ ፊት ለፊት መጣ። ቃሲም ዞር ብሎ፣ «ይጠጉ ጋሼ!» ሲለው ዐይኖቹ እንባ አቅርረው ነበር። ያንን ሜዳ በብስክሌት ያለፈ ሁሉ ያውቀዋል፤ ንፋሱ ያስለቅሳል። ሰውየውም ያውቀዋል፤ በስንት ሰንበት የእሱም ዐይን እዚያው አልቅሷል! ግን ጥርጣሬ የምናውቀውን ያስረሳን የለ?

ፍሬኑን ያዘ። ብስክሌቱን አስታው ላይ ጣለ። መሬት ላይ ተቀመጠና፣ «ይርዳው! ወንድሜ! መከታዬ!» ብሎ ደረቱን መታ።

ቃሲም እየሮጠ ተመለሰ። «ጋሼ! ምን ነካዎት? ወንድምዎ እኮ አለ!»

«በሰው ፊት ዳግመኛ መሳቂያ አልሆንም። ልቅሶዬን እዚሁ ጨርሼ ነው የምገባው።»

«ወላሂ አለ! እየጠበቀዎት ነው። ከቆየን ግን…»

«እናቴም አለች ተብያለሁ።»

ቃሲም ስልኩን አወጣ። ኔትወርክ የለም። ወደ ሰማይ ቢያነሣው፣ ጉብታ ላይ ቢወጣ፣ የለም። ተመልሶ ሊያነሣው ክንዱን ያዘው።

«አየህ! ክንዴን ያዝኸኝ! ያኔም እንዲሁ ክንዴን ነበር የያዙኝ!» ብሎ ሰውየው ባሰበት። የእናቱን ስም ጠርቶ አለቀሰ። አብረው ያደጉበትን ቤት ጠርቶ አለቀሰ። «ሳልታረቅህ!» እያለ አለቀሰ። ወገኖቼ፣ ለሞተ ሰው የሚለቀሰውን ሁሉ አለቀሰ፤ ወንድሙ ከቁልቁለቱ በታች አልጋው ላይ ሆኖ በር በሩን እያየ።

ፀሐይ ከአናት አለፈች። ቃሲም ለመነ፣ ተቆጣ፣ ጥሎት ሊሄድ ተነሥቶ ተመለሰ። በመጨረሻ ከሰውየው ፊት ቁጢጥ አለና ቀስ ብሎ፣ «እሺ ጋሼ። ሞቷል» አለው።

ልቅሶው ቆመ። ሰውየው ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። «ይኸውልህ» አለ። «ከመጀመሪያው ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» ብሎ ተነሣና ብስክሌቱን አቃና።

ሰማችሁ? እውነቱን ምሎ ሲነግረው አላመነም። ሲዋሸው አመነ፤ ተነሣም።

የቀረውን መንገድ የቃሲምን ጎማ ተጠግቶ ነዳ። ንፋሱ አልነካውም። መንደሩ ሲደርሱ በዐይኑ ድንኳን ፈለገ። ድንኳን የለም። ዋይታ የለም። በግቢው ውስጥ ዶሮ ይጭራል።

«ድንኳኑስ?»

«ድንኳን የለም። ዋሽቼዎታለሁ ጋሼ፤ ይቅር ይበሉኝ። ይግቡ፣ ይሩጡ!»

ወይንሸት ከደጃፉ ተቀበለችው። «ምነው ጋሼ፣ ምነው ዘገዩ?» አለችው። «ጠዋት ሙሉ ‹ወንድሜ የት ደረሰ?› ሲለኝ ነበር። አሁን፣ ከመድረስዎ ጥቂት ቀደም ብሎ አንደበቱ ተያዘ።»

ገባ። ይርዳው አወቀው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ሰውየው ጆሮውን አስጠጋ፤ ድምፅ የለም። «ይቅር በለኝ» አለው። ይርዳው እንደገና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ያው ነው። ሲመሽ ዐረፈ።

ሊነግረው የፈለገው ምን ነበር? ማንም አያውቅም። ለሚስቱ እንኳ፣ «ለእሱ ብቻ ነው» ብሎ አልነገራትም። ሰውየው እስከ ዛሬ ያንን የከንፈር እንቅስቃሴ እያስመሰለ፣ «እስኪ እዩት፤ ምን ያለኝ ይመስላችኋል?» ብሎ ሰው ይጠይቃል። ሰውም አንገቱን ይደፋል።

እንግዲህ በማን እንፍረድ? በቃሲም? ቃሲም አስቀድሞ እውነቱን ተናግሮ ነበር። በወይንሸት? እሷም እውነት ተናገረች፤ በእርግጥ አሞት ነበርና። ቃሉን ያረከስነው ከዚያ በፊት ነው። ሐዘንተኛን ልንጠብቅ ብለን የነገርነው ውሸት ሌላ ቀን የወንድሙን የመጨረሻ ቃል ነጠቀው። ወገኖቼ፣ መርዶ ስታረዱ ከሐዘንተኛው ጋር ቁጭ በሉ፣ እጁን ያዙ፣ አብራችሁት አልቅሱ። አትዋሹት ግን። አንድ ቀን እውነት ስትነግሩት እንዲያምናችሁ ያስፈልጋችኋል።

እናንተስ፣ ለሰውየው እያዘናችሁ የምትሰሙ? «እኔ ብሆን ሮጬ እገባ ነበር» የምትሉ? በሕይወት እያለ ያለቀሳችሁለት ሰው የለም? እናት፣ ወንድም፣ የልብ ጓደኛ፤ «እሱ ለእኔ ሞቷል» ብላችሁ አልቅሳችሁ የጨረሳችሁት? መልእክት ይልክባችኋል፤ «ምን ፈልጎ ነው?» ትላላችሁ። ሰው ያማልዳል፤ «ማን ላከህ?» ትላላችሁ። ሞቷል ቢሏችሁ ግን ዛሬውኑ ነጠላችሁን አዘቅዝቃችሁ ትሄዳላችሁ። ለሬሳው የምትሄዱትን መንገድ በሕይወት ላለው ለምን ትነፍጉታላችሁ?

አልሞተም። እግዚአብሔር እስከዚህች ሰዓት ድረስ አቆይቶላችኋል። የት እንደደረሳችሁ እየጠየቀ ነው፤ አንደበቱም ገና አልተያዘም። ተነሡና ሂዱ።